ቅዳሜ ባሕሩ እንዴት ይሆናል?

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ የውሃ ቱቦ ነው። ከፊቴ የዌትሱት ክምር ተቆልሏል። ዌትሱት ሰርፍ የሚጫወት፣ ማለትም በቦርድ ላይ ቆሞ ሞገድ የሚጋልብ ሰው ብርዱን ለመቋቋም የሚለብሰው ወፍራም የጎማ ልብስ ነው። ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ልብሱ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ያን ቀን ከሽታው ነው። ሌላውን ለእናንተ ልተወው።

ቦታው ፓሲፊካ ነው፤ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ያለ፣ ለጀማሪ ይመቻል የሚባል የባሕር ዳርቻ። የሰርፍ ትምህርት ቤቱ ባለቤትና ዋና አስተማሪ ግሬግ ይባላል። ጸጉሩ በፀሐይና በጨው የነጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«መዋኘት ትችያለሽ?» አለኝ።

«ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት።»

«ሐይቁ ውስጥ ምን አለ?»

«ዓሣ አለ። ጉማሬም አለ።»

ቱቦውን ዘጋና ትክ ብሎ አየኝ። «ከጉማሬ ጋር ስትዋኚ ኖረሽ እዚህ ልብስ ልታጥቢ መጣሽ?»

«ሄይዋርድ ካለው መጋዘን ይሻላል» አልኩት። እውነቴን ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ጀምሮ መስኮት በሌለው መጋዘን ካርቶን ሳነሳ ስለኖርኩ፣ ሰማይ ሥር ቆሜ መርጠቤ ራሱ እንደ እድገት ነበር የታየኝ።

የእኛ ሥራ እርከን አለው። መጀመሪያ አጣቢ ነው። ቀጥሎ ገፊ ይመጣል፤ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ የሞገዱ አረፋ ሲደርስ የተማሪውን ቦርድ ወደ ዳር የሚገፋው ማለት ነው። ከዚያ አስተማሪ አለ። ከሁሉም በላይ ዋና አስተማሪ አለ። በየጠዋቱ በሩ ላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ የባሕሩን ሁኔታ የሚጽፈው፣ ዛሬ ይገባል ወይም አይገባም ብሎ የሚቆርጠው እሱ ነው።

እኔ ገና ከመጀመሪያው ዓይኔ ያረፈው ሰሌዳው ላይ ነበር። ነገ ምን እንደሚመጣ ዛሬ ጽፎ ማስቀመጥ! እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ልብስ እያጠብኩ በጥያቄ አደርቀዋለሁ፤ ግሬግም ሳይሰለች ይመልስልኛል።

«ቁመቱንማ ሁሉም ያየዋል» ይለኛል። «አንቺ ሰከንዱን እዪ።»

ሰከንዱ በአንዱ ሞገድና በሚከተለው መካከል ያለው ጊዜ ነው። ከባሕሩ ራቅ ብለው የሚንሳፈፉ መለኪያዎች አሉ፤ ልኩን በየሰዓቱ ይልካሉ። ሰከንዱ ካጠረ ሞገዱን ያስነሳው እዚሁ አካባቢ ያለ ንፋስ ነው፤ ይንጫጫል እንጂ ጉልበት የለውም። ሰከንዱ ከረዘመ ግን ሞገዱ ከሩቅ አውሎ ነፋስ ተነስቶ ነው የመጣው፤ ቁመቱ ያው ቢመስልም ሰው ይጥላል። ንፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲሆን ውሃው እንደተተኮሰ ልብስ ይለሰልሳል። ከባሕር ወደ የብስ ሲዞር ሁሉንም ያበላሸዋል። ይኸው ነው፤ ቀሪው ልምድ ነው።

ያን ጊዜ የምኖረው ኦክላንድ ነበር። ጠዋት ድልድዩን ተሻግሬ ስመጣ አንድ መኪና መሸጫ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ባንዲራ አያለሁ። በየት በኩል እንደሚውለበለብ አይቼ ሰሌዳው ላይ ምን እንደሚጻፍ እገምታለሁ። ልክ ስሆን መኪናው ውስጥ ብቻዬን እጮኻለሁ። ባቡር ይሻለኝ ነበር፤ ግን ባቡር ውስጥ አይጮህም።

ገፊ ሆኜ በመጀመሪያ ያስቆምኳት ሚልፒታስ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት። አረፋው ሲደርስ ገፋኋት፤ ተንበረከከች፤ ቀጥ ብላ ቆመች። እሷ ጮኸች፣ እኔ ከሷ ብሼ ጮኽኩ። ግሬግ ከዳር ሆኖ «የቆመችው ማናችሁ ናት?» አለኝ። ያን ቀን እራት እንኳን ሳልበላ ስስቅ አመሸሁ።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ አንድ ሐሙስ ስልክ ተደወለልኝ። ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ፤ ሳን ሆዜ ያለች የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሽማግሌ። ለቅዳሜ ጉባኤውን ሰብስበው ሊመጡ ተመዝግበዋል።

«ልጄ፣ ቅዳሜ ባሕሩ እንዴት ይሆናል?»

«ጋሼ፣ ከቀትር በኋላ ትልቅ ሞገድ እየመጣ ነው። ጠዋቱ ግን በጣም ያምራል።»

«እንግዲህ ካንሰል እንዳታደርጊብን። ቫን ሬንት አድርገናል። ሰዉም ስንት ጊዜ ለምኖ ነው ከሥራ ኦፍ ያገኘው።»

«ተጨማሪ ነገር ካየሁ ነገ ኮል አደርግልዎታለሁ።»

ለግሬግ ነገርኩት። በዚያን ሰሞን ሳንታ ክሩዝ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ስለነበር ለፓሲፊካ ዋና አስተማሪ ይፈልጋል። የመለኪያዎቹን ቁጥር አየና ወደ እኔ ዞረ።

«የቅዳሜውን ሰሌዳ አንቺ ጻፊ። መግቢያውንም መውጫውንም አንቺ ወስኚ። እኔ አሸዋው ላይ ቆሜ አያለሁ፤ አፌን አልከፍትም። ካወቅሽበት ቦታው ያንቺ ነው።»

«ካላወቅኩበትስ?»

«ቱቦው የት እንዳለ ታውቂያለሽ» አለና ሄደ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከስልኬ ጋር ዋልኩ። ከሩቅ ያለው መለኪያ ሰከንዱ መርዘም እንደጀመረ ያሳያል፤ ግን ሞገዱ እኛ ጋ ለመድረስ ገና ሰዓታት ይቀሩታል። ጠዋት ንፋሱ ከየብስ ነው፣ ባሕሩም እንደየዕለቱ ልማዱ ከዳር እየሸሸ ይጎድላል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ደስታዬና ፍርሃቴ ተቀላቅለውብኝ ነበር፤ የምመራው ሰው አክስትና አጎት የምለው ነው፣ አንዱ ቢጎዳ ፊታቸውን ማየት አልችልም።

ቅዳሜ ማለዳ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጭጋጉ ከባሕሩ ርቆ ተኝቷል፤ ሞገዱ ወገብ ድረስ፣ ለስላሳ፣ ልክ እንዳልኩት። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ሞገድ እስከ ወገብ። ንፋስ ከየብስ፣ ቀላል። ባሕሩ እየጎደለ ነው። ትልቅ ሞገድ ከቀትር በኋላ። ይገባል፤ ረፋዱ ላይ ይወጣል።

ሐበሻ ይዘገያል ብዬ ቀጠሮውን አስቀድሜ ነበር የነገርኳቸው። እነሱ ጭራሽ ከዚያም ቀድመው መጥተው ፓርኪንጉ ውስጥ ሲዘምሩ አገኘኋቸው። ጋሽ ሙሉጌታ «አጭር ጸሎት እናድርግ» አሉ። ስለ ባሕሩ ተጸለየ፣ ስለ ንፋሱ፣ ስለ እኔ፣ ስለ ግሬግ፣ ስለ አገር መሪዎችም ተጸለየ። እኔ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው ውሃውን አያለሁ። አሜን ሲባል ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

እትዬ አልማዝ ዌትሱቱ ጉልበታቸው ላይ ቆሞ አልወጣ አላቸው። ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ቀልድ የማያጡ ሴት ናቸው። «እኔ ነኝ ልብሱን የምለብሰው ወይስ ልብሱ ነው እኔን የሚለብሰኝ?» አሉ። ልጃቸው ሃና እዚሁ የተወለደች ናት፤ ከኋላ እየጎተተች «ማም፣ ጀስት ጃምፕ!» ትላለች። ዘለሉ፤ ገባ።

ሁሉም አሸዋው ላይ ተኝተው መነሳት ከተለማመዱ በኋላ ተራርቀው ውሃ ውስጥ ቆሙ። የእግር ገመዳቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ይህ ገመድ ቦርዱን ከቁርጭምጭሚት ጋር ያያይዛል። መጀመሪያ የተገፉት እትዬ አልማዝ ናቸው። ጥቂት ሄደው ተገለበጡ።

ከዚያ የሆነውን በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። ጉባኤው በአንድ ድምፅ «እኔን!» ብሎ ጮኸና ሁሉም የያዘውን ለቆ ሊያነሳቸው ሮጠ። ግማሹ እንዲፈጥን ብሎ ገመዱን ፈቷል። ሰው የሌለባቸው ቦርዶች አረፋው ላይ እየጋለቡ ከኋላ መጡባቸው። ግሬግ አሸዋው ላይ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አንዱ ቦርድ የጋሽ ሙሉጌታን ትከሻ ገጨ፤ ደግነቱ ስፖንጅ ነው። እትዬ አልማዝ በራሳቸው ተነስተው «ምን ሆናችሁ?» ብለው ሊረዳቸው የመጣውን ሕዝብ ያያሉ።

ፊሽካ ነፍቼ ሁሉንም አስወጣኋቸው። ልቆጣ ነበር፤ ግን በምን አፌ? እኔም እዚያ መሀል ተማሪ ብሆን መሮጤ አይቀርም። እኛ ሰው ሲወድቅ ቆመን ማየት አናውቅም።

«ስሙኝ» አልኳቸው። «እዚህ መውደቅ ትምህርቱ ነው። የወደቀውን የማነሳው እኔ ብቻ ነኝ። እናንተ አይዞሽም አይዞህም በሉ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ጩኹ፤ ግን ከቦታችሁ ሆናችሁ። ገመድ የሚፈታ ሰው አይኑር።»

«እሺ፣ ካልሽ» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ ትከሻቸውን እያሹ። «ከባድ ነገር ነው ግን።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ! አንዱ በወደቀ ቁጥር አይዞህ የሚል ጩኸት ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ሌሎች ሰርፈሮች ቆመው ያዩናል። እትዬ አልማዝ ቆሙ! እጃቸውን ዘርግተው እስከ አሸዋው ድረስ መጡና እልልታውን አቀለጡት። ሃና «ማም! ማም!» እያለች ታለቅሳለች። እኔም ውሃው ውስጥ ቆሜ አብሬ አነባሁ፤ ማን ያየኛል፣ ሁላችንም ርጥብ ነን።

እንዲህ ደስታው በደራበት ነው ውሃው ልማዱን የቀየረው። የሚቀጥለው ሞገድ ሳይመጣ ቆየ። ባሕሩ ረጭ አለ፣ ከዚያ አንድ ለስላሳ ሞገድ መጣ፤ ቁመቱ ያው ነው፣ ግን ወገቤን ሲነካኝ ወደ ኋላ አስረገጠኝ። ከሩቅ የተነሳው ሞገድ ሰሌዳው ላይ ከጻፍኩት ቀድሞ መጥቷል። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ምንም አይታየውም ነበር፤ ፀሐዩ ደምቋል፣ ባሕሩ ተኝቷል።

ፊሽካውን ነፋሁ። «ሁላችሁም ውጡ!»

ተቃውሞው ተነሳ። «ገና አሁን ጀመርን!» «እስከ ረፋዱ ብለሽ አልነበር?» ያም ሆኖ እያጉረመረሙ ወጡ። ጋሽ ሙሉጌታ ብቻ ቀሩ። ጠዋቱን በሙሉ አንድም ጊዜ አልቆሙም።

«ልጄ፣ አንድ ብቻ። የመጨረሻ።»

አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ግሬግን አየሁት፤ እንዳለው አፉን አልከፈተም።

«አይሆንም ጋሼ። ይውጡ። አሁን!»

በዚህ ቃና ትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ፊታቸው ተለወጠ፤ ግን ዞሩና መራመድ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ከጀርባቸው የመጀመሪያው ትልቅ አረፋ ደርሶ ጣላቸው። ዳር ያለው ሁሉ «እኔን!» አለና እግሩ ተነሳ።

«ከቦታችሁ!» ብዬ ጮኽኩ።

ቆሙ። እንዴት እንደቆሙ እስካሁን ይገርመኛል፤ እርስ በርስ ተያይዘው፣ አንዱ ሌላውን ይዞ፣ «አይዞዎት ጋሼ!» እያሉ ቆሙ። ስለዚህ ከውሃው የማወጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ደረስኩባቸው። ገመዳቸው አልተፈታም፤ ቦርዱን ስቤ በሆዳቸው አስተኛኋቸው። «ጠርዙን ይያዙ! አይልቀቁ!» የሚቀጥለው አረፋ ሲመጣ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋኋቸው።

ሄዱ! ከጠዋት ጀምሮ ከሁሉም ሰው ርቀውና ፈጥነው ተንሳፍፈው ጉባኤው እግር ሥር አረፉ። እኔም ተከትዬ በዋና ወጣሁ። አሸዋ ካፋቸው እየተፉ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል ጋሼ!»

ሳቁ አልቆመም። ያን ጊዜ ነው ትልልቆቹ ሞገዶች ተከታትለው የመጡት፤ ቅድም እትዬ አልማዝ ቆመው የነበሩበት ቦታ ላይ ተሰበሩ። ሳቁ ጠፋ። ጋሽ ሙሉጌታ አዩና እጄን ያዙ።

ግሬግ ቀረበኝ። «ሰሌዳው ረፋድ ነበር የሚለው። ለምን ቀድመሽ አስወጣሽ?»

«ሞገዱ ሳይመጣ ቆየ። ሲመጣም ገፋኝ።»

«እኔ ከዚህ አላየሁትም» አለ። «ሰሌዳውን ቀይሪው። ከነገም ጀምሮ አንቺው ጻፊው።»

ወደ በሩ ሄድኩና የጻፍኩትን አጥፍቼ «አይገባም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሌዳው በእጄ ነው።

አዲስ አስተማሪ ሲቀጠር የምነግረው አንድ ነገር ነው። ትንበያው መቼ እንደምትገባ ይነግርሃል። ማስወጣቱ ግን ያንተ ነው፤ ሰዉ ገና ደስ እያለው፣ ባሕሩም ምንም ያልሆነ ሲመስል ነው የሚወጣው። ይቀየሙሃል። ይቀየሙህ።