ሽጉጥ ልገዛ ሄጄ

ዛሬ ኬንት ከተማ አንድ የመሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ባዶ ሽጉጥ ይዤ ቃታዋን አምስት ጊዜ ሳብኩት። ሻጩ የፈቀደልኝ አንዴ ብቻ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ኖርዝጌት የሚባለው ሰፈር መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ አንድ ሰውዬ ሽጉጥ ደቅኖብኝ ቦርሳዬን ወሰደ። በጠራራ ፀሐይ! ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ዘወር ብዬ አያለሁ፤ ማታም እንቅልፍ የለኝም።

ሶ፣ መሣሪያ የሚያውቁትን ጎረቤቴን ጋሽ ከበደን ለምኜ አብረን ሄድን። ቦርሳ ውስጥ የምትገባ፣ አምስት ጥይት የምትጎርስ ትንሽ ሪቮልቨር አስመረጡኝ። ሻጩ ደግሞ ሮዝ እጀታ ያላትም አለች አለኝ፤ የሰርግ ጫማ የምመርጥ ይመስል።

ጥቁሯን ያዝኩ። እጄ ላይ ልክክ አለች። ሻጩ ባዶ መሆኗን አሳየኝና "ወደ ግድግዳው አነጣጥሪና ቃታዋን አንዴ ሞክሪው" አለኝ።

ግድግዳው ላይ የዚያ ሰውዬ ፊት መጣብኝ። ሳብኩ። ፊቱ አልሄደም። ደግሜ ሳብኩ፣ አሁንም ደገምኩ፤ አምስት ሞላ።

ጋሽ ከበደ እጄን ይዘው ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉት። "ልጄ፣ ማንን ነው ያየሽው?" አሉኝ።

"ማንንም አላየሁም ጋሼ" ብዬ ዋሸኋቸው።

ሳልገዛ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስስብ እጄ ትንሽ እንኳን አልተንቀጠቀጠም፤ አለመንቀጥቀጡ ነው ያስፈራኝ።

እንደኔ ተዘርፋችሁ መሣሪያ ልትገዙ የሄዳችሁ አላችሁ? ገዛችሁ ወይስ ትታችሁት ወጣችሁ? እንቅልፋችሁስ ተመለሰ? እዚህ መጻፍ ከከበዳችሁ በውስጥ መስመር ንገሩኝ።