የማያሳየው ካባ

ቡታጅራ፣ ልጄ ቤት በምናየው ፊልም ጀግናው ከብርሃን የተሠራ ካባ ለበሰና ከዓይን ጠፋ። የልጅ ልጄ "አያቴ፣ አሁን ማንም አያየውም" አለችኝ።

ለእኔ ግን የታየችኝ እናቴ ናት። አባቴ የሞተ ጊዜ ሽማግሌዎች እንሰቱን ለወንድሞቼ ሲያካፍሉ፣ እጇ ቆጮ ቆጮ እየሸተተ እዚያው መሃላቸው ተቀምጣ ነበር። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር።

"የእማዬስ?" አልኩ።

አጎቴ ሳቀ። "ሴት እንሰት ትፍቃለች እንጂ መቼ ትወርሳለች?"

ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩአትም። እናቴ ጎትታ አስቀመጠችኝና "ተይ ልጄ፣ እኔ እዚህ የለሁም" አለችኝ በጆሮዬ።

"ካባውን መልሶ ያወልቀዋል?" ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅኋት።

"ሲፈልግ ነዋ፣ አያቴ።"

ሲፈልግ። እናቴ እስክትሞት ድረስ የወንድሞቼን እንሰት ፋቀች።