የፀሐይዋ ሳጥን

ባለፈው ሳምንት ትከሻዬን አሞኝ ሰፈሬ ካለ ክሊኒክ ራጅ ተነሣሁ። ወጣቷ ባለሙያ ከባዱን የጨረር መከላከያ ወገቤ ላይ አስራ፣ ከያዘችው ወረቀት ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምታነባቸው እንጃ፤ ግን አንዱንም አልዘለለችም። እያንዳንዷን ሳጥን በእስክሪብቶ ምልክት ስታደርግባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ አጸዳው የነበረው ክፍል ትዝ አለኝ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከአገር ቤት ከመጣሁም ገና አምስት ወሬ ነው። ዊተን የምትኖር አክስቴ ጋ ሆኜ በባቡርና በአውቶቡስ እየተመላለስኩ አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ አጸዳለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ በእንግሊዝኛ ሲያናግሩኝ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። በአማርኛም ቢሆን ብዙ አልናገርም ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ መሐንዲስ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ወጥተው፣ እዚሁ ተምረው፣ እዚሁ የሸበቱ። ምድርን ለሚዞር ቴሌስኮፕ የየሳምንቱን የሥራ ዕቅድ የሚያወጡት እሳቸውና አንድ ባልደረባቸው ናቸው።

"ራጅ ተነሥተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ አንድ ቀን፣ ግድግዳው ላይ ባለው የቴሌስኮፗ ሥዕል ፈዝዤ ሲያገኙኝ። "ይቺ ደግሞ ከዋክብት የሚረጩትን ራጅ ትለቅማለች። አየሩን አልፎ እኛ ጋ አይደርስማ! ስለዚህ እሷን ከአየሩ በላይ ሰቀልናት።"

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱ ዕቅድ ይታተማል። ሰኞ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ፣ ማክሰኞ ሩቅ ያለ ጋላክሲ፣ ከዚያ የሰበሰበችውን ወደ ምድር የምትልክበት ሰዓት። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዞር እንደ ሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ ቀስ ብላ ነው አሉኝ። የማክሰኞው ጋላክሲ ብርሃን ጉዞ ሲጀምር ሰው የሚባል ፍጥረት አልነበረም አሉኝ። ያን ዕለት ማቆሚያው ላይ አንጋጥጬ ስቀር አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን እሳቸው ያሳዩኝ የዕቅዱ መጨረሻ ነው፦ ትንንሽ ሳጥኖች። እኔም ሽንት ቤቱ በር ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ነበረኝ። መስታወት፣ ሳሙና፣ ወለል፤ ስጨርስ ምልክት አደርጋለሁ። ያን ያህል የተማረ ሰው እንደ እኔ ሳጥን ይሞላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ሐሙስ በረዶ ይጥላል ተብሎ ሰው ሁሉ ለመሄድ ይጣደፋል። ጋሽ ታደሰ ዕቅዱ ላይ ፈርመው ኮታቸውን ሊያመጡ ወጡ። ጠረጴዛውን ስወለውል ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ከሳጥኖቹ አንዷ ባዶ ናት።

ሱፐርቫይዘሬ መጀመሪያ ቀን የነገረችን ሕግ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት የነካም ያነበበም ይባረራል። ያቺ ሥራ ከሄደች ለአክስቴ ሸክም ልሆን ነው። ያንኑ ጠረጴዛ መልሼ መላልሼ ወለወልኩ። ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን ለብሰው ተመለሱና ወረቀቱን አነሡ።

"በይ ደህና ዋይ፣ ይህን ልኬ መሄዴ ነው።"

"ጋሼ..." ጨርቄን አስቀመጥኩ። "አንዷ ሳጥን ባዶ ናት።"

ዞር አሉ። "አንቺ ልጅ! ለካ ትናገሪያለሽ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን አዩና ሳቃቸው ጠፋ። ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። "የፀሐይዋ ናት" አሉ ቀስ ብለው። ቴሌስኮፗ ስትዞር ዓይኗ ወደ ፀሐይ ተጠግቶ እንዳይቃጠል መረጋገጡ የሚመዘገብባት ሳጥን ነች። ባልደረባቸውን ከመኪና ማቆሚያው በስልክ መለሱት። ቴሌስኮፗ የምትዞረውን እያንዳንዱን ዙር አንዱ እያነበበ ሌላው እየደገመ እንደ አዲስ ጀመሩ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ የጸዳ መስታወት እያጸዳሁ ጠበቅኩ። ውጭ በረዶው ጀምሯል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ታደሰ ከባልደረባቸው ጋር ወጡ።

"ደህና ነው። ምልክቱን ነው የረሳሁት።"

ፊቴ ጋለ። "ታዲያ በከንቱ አስቸገርኩዎት።"

"ደህና መሆኑን አሁን ነው ያወቅነው፣ ልጄ። ቅድም አናውቅም ነበር።" ባልደረባቸውን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አሉት፤ ሰውየው ኮፍያውን አነሣልኝ። ሕጉን ያነሣብኝ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ጋሽ ታደሰ ጡረታ ወጥተዋል፤ እኔ ከዚያው ብዙም ሳልርቅ አሌክሳንድሪያ ባለ ሆቴል ውስጥ ክፍል አሰናዳለሁ። አሁንም ብዙ አልናገርም። ግን በሩን ከቆለፍኩ በኋላ ሁልጊዜ መልሼ እከፍተዋለሁ። ፎጣውን፣ መብራቱን፣ መስኮቱን እንደገና አያለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ "ደህና መሆኑን እያወቅሽ?" ይሉኛል።

ገና አላውቅም፤ ለማወቅ ነው የምከፍተው።