የአክስቴ ናሙና

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆኜ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት ሰዎች ባነር ሲሰቅሉ ላየ ታቦት የወጣ ይመስል ነበር። የማኅፀን በር ካንሰርን ገና ከመነሻው የሚለይ ምርመራ ይዘው መምጣታቸው ነው። ንግግር ያደረገው ባለሙያ ጭቃ እንዳይነካው በጣቶቹ ጫፍ የሚረግጥ ሰው ነው። «ሞለኪውላዊ አመልካች» የምትለዋን ቃል እንደ ከረሜላ ያላምጣታል። ከገጠር በእግራቸው የመጡት ሴቶች ከንግግሩ የገባቸው «ዝም በሉ» የሚለው ብቻ ነበር።

«በአቼቶ የምናየውስ?» አልኩት። የማኅፀን በሩን አቼቶ ቀብተን፣ ነጭ ሆኖ ከታየ እዚያው እናክማለን፤ ካስጠረጠረን ወደ ሆስፒታል እንልካለን።

«እህቴ፣ እሱማ ድሮ ቀረ። አሁን የጂን ዘመን ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሞኟ አብሬው ሳቅሁ።

የእናቴ ታናሽ እህት ከጅጋ ማዶ ካለው መንደሯ በርበሬ ልትሸጥ መጥታ ስለነበር፣ ጎትቼ አሰለፍኳት። የተሰጣትን ብሩሽ ይዛ ከመጋረጃ ጀርባ ናሙናዋን ራሷ ወሰደች። እነሱም ናሙናውን በማሽን እንመረምራለን ብለው ሰብስበው ሄዱ።

ወራት አለፉ። ስደውል አንዴ «ኬሚካል አልቋል»፣ አንዴ «መንገድ ተዘግቷል»፣ ሌላ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይሉኛል። አክስቴ ገበያ በመጣች ቁጥር በቀጥታ አትጠይቀኝም።

«እንግዶችሽ በደህና አገራቸው ገቡ?» ትለኛለች።

«ገብተዋል» እላታለሁ፣ ዓይኔን ሰብሬ።

በአምስተኛው ወር በሩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ከአጎትሽ ጋር ባደርን ማግስት ደም አያለሁ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንግዶቹ ሳይመጡ በፊት። ማሽኑ ያውቀዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

ያን ቀን የናቅሁት ራሴን ነበር። ወዲያው አስተኝቼ አየኋት። አቼቶው ሲነካው ሰፊ ነጭ ሆነ፤ ደማም። በማግስቱ ሚኒባስ ይዘን ባሕር ዳር ሄድን። ካንሰር ነበር፤ ደግነቱ ገና አልተሠራጨም። ማኅፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጣ።

እኔ ቤት ሆና ስታገግም የጂኑ ውጤት መጣ። «ናሙናው ስለተበላሸ በድጋሚ ይላክ» ይላል። ምርመራውን አልነቅፍም፤ በትክክል ለሚሠራበት ወርቅ ነው። የምንቀው ወርቁን ይዘው መጥተው ጭቃ ላይ ጥለውት የሚሄዱትን ነው።

በግምገማው ስብሰባ ያው ባለሙያ ሥራው እጅግ የተሳካ እንደነበር በስክሪን አሳየን። እጄን አወጣሁ።

«አክስቴ ካንሰር ነበረባት። ናሙናዋ እናንተ ጋ ተበላሽቷል» አልኩ።

«ጥሩ ግብረ መልስ ነው፤ ይመዝገብ» አለና ወደ ምሳ ጋበዘን። ሰዉ ሁሉ ተነሣ። እኔ ክብ ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

አክስቴ አሁን ቤቷ ናት። ከባድ ነገር ስለማታነሣ፣ አጎቴ እያጉረመረመ ውኃ ይቀዳል። በቀደም የማርያም ማኅበር ላይ፣ ሴቶቹ ጠላቸውን እየጠጡ ሳለ፣ ስለ ደሙ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው አሉ። አንዷ አፍራ አጎንብሳ ኖሮ፣ «ቀና በይ!» አለቻት። «ያለ ጊዜው ደም ካየሽ፣ የማንንም ማሽን አትጠብቂ። ነገ ሂጂ።»

ሴትዮዋ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ እኔ ጋ መጣች።