ብርድ ነው ብለን ወደ ቆላ የሰደድነው ሕመም

ደሴ ጉም ስትለብስ ሰው ሁሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆሜ ባለቤቴ ከመስጊድ ሲመለስ መጀመሪያ የማየው ነጭ ኮፍያውን ነበር። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እግሩ ቀስ እያለ ከጉሙ ይወጣል። በዚያ ዓመት ግን መመለሻው እየፈጠነ መጣ። ጀመዓው ገና ሳይበተን እሱ ቤት ደርሷል። በኋላ ጭራሽ መሄዱን ተወው።

«ጁምዓ ነው እኮ፤ ምነው?» አልኩት።

«ውዱእ አልቆይልህ አለኝ» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ሽንቱ ሲፈልጉት አይመጣም፤ ሳይጠሩት ደግሞ ጠብ ይላል። ታጥቦ ለሶላት ሲቆም ልብሱ ይረጥብበታል። ሰፈሩ ሰነፈ ብሎ ያማዋል፤ እሱ ደግሞ ከአላህ ፊት እንደተባረረ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ከአርባ ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ ሰው ይችን አንዲት ነገር ለእኔ ለመናገር ስንት ወር ፈጀበት።

ያማከርነው ሁሉ «ብርድ ነው» አለን። እኛ አገር ወገብ ቢያም ብርድ ነው፣ ጉልበት ቢያም ብርድ ነው። መድኃኒቱም ከአባቶቻችን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ማላብ። ብርዱ ከአጥንት በላብ ይወጣል ይባላል። ሴት ልጃችን እዚያ ትኖራለችና ሰደድነው። ጓዙን የጠቀለልኩት በገዛ እጄ ነው። ሌላውን ስከስ ራሴን መዝለል ስለማልወድ ነው ይህን የምጽፈው።

በየሳምንቱ እየወረድኩ እጠይቀው ነበር። ሚኒባሱ ከጉሙ ሲወጣ ከእንቅልፍ እንደመንቃት ነው፤ ወይም ወደሌላ እንቅልፍ እንደመግባት። አንዱ መታጠፊያ ላይ ነጠላ ይወርዳል፣ ሌላው ላይ መስኮት ይከፈታል፣ ታች ሲደረስ አየሩ እንደ ሞቀ ወተት ፊት ይዳብሳል። ባለቤቴን ልጃችን ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ሸሚዙን ከፍቶ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። «ተሻለኝ» ይለኛል። እኔም አምናለሁ። አጠገቡ ጋደም እላለሁ፤ የቅጠሉ ጥላ ፊታችን ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከሩቅ የፋብሪካ ድምፅ እንደ ንብ ያጉረመርማል። እነዚያ ቀኖች ደስ ይሉ ነበር። ደስታቸው ነው ያታለለን።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እዚያው ጥላ ሥር ሸለብ አደረገኝና የሞተው ታላቅ ወንድሙ ታየኝ። ሐርቡ ባለው ቤቱ፣ አልጋው ላይ ነው። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል፤ ሚስቱ በሰፌድ ታራግብለታለች፤ እኛ ዙሪያውን ቁጭ ብለን «ብርድ መታው» እያልን ከንፈር እንመጥጣለን። እንደዚያው ነበር የሆነው፤ ሕልሙ ምንም አልጨመረበትም። ደንግጬ ነቃሁ። ሐርቡ! ከኮምቦልቻ የባሰ ሙቀት፣ ፍየሏ እንኳ ጥላ ስትፈልግ የምትውልበት አገር!

«አንተ ሰውዬ፣ ተነስ» አልኩት። «ወንድምህን ምን ገደለው?»

«ብርድ ነዋ። ሽንት ማጥ፤ ሽንቱ ተይዞበት።»

«ሐርቡ ላይ? ብርዱ በምን መኪና መጣ?»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ።

«ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኩት።

«በዚህ ዕድሜዬ ለልጅ እግር ሐኪም ሱሪዬን አልፈታም፤ ወላሂ!»

ያኔ ነደደኝ። «ስድስት ልጅ ስወልድ ስንት ሐኪም፣ ስንት አዋላጅ፣ ስንት ተማሪ አየኝ? የማህፀን በር ምርመራ መጥቷልና ሂጂ ብለህ ጤና ጣቢያ ድረስ የወሰድከኝ አንተ አይደለህም? የእኔ ገላ የገበያ መንገድ፣ ያንተ ገላ የታጠረ ግቢ ነው?»

ልጃችን ልብስ ከምታጥብበት ቀና አለችና «አባዬ፣ ተፈረደብህ!» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ደሴ ሚኒባስ ያዝን። ዳገቱን እንደጀመርን ጆሮዬ ሥር «አስቁሚልኝ» አለ።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

«እማማ፣ እዚህ ገደል ላይ የት ሊወርዱ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«እሱ ነው የሚወርደው። ሸንቶ ይመለሳል።»

ከኋላ አንዷ ሴት «አባባ፣ ብርድ ነው የመታዎት፤ ኮምቦልቻ ወርደው ቢሰነብቱ ይሻልዎታል» አለች።

«የመጣነው ከዚያው ነው!» አልኳት።

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እሱም እየሳቀ ወረደ። ግን ቆየ። ጀርባውን ሰጥቶን በጣም ቆየ፤ ሳቁም በየወንበሩ እየጠፋ ሄደ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነካ «ለመሽናት ይህን ያህል የሚታገል ሰው ጥሩምባ አይነፋበትም!» አልኩት። ሞተሩን አጠፋና ጠበቀ።

ደሴ ሐኪም ቤት ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፤ ግን ደንበኛ ሰው ነው። «አባቴ» እያለ አስረዳው። ከፊኛ ሥር ፕሮስቴት የሚባል ዕጢ ወንድ ሁሉ አለው። በዕድሜ ሲያብጥ ሽንት ይይዛል። ያበጠ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ካልተመረመረ ግን አይለይም። ካንሰሩ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ሃምሳን ያለፈ ወንድ ባያመውም ሐኪም ማማከር አለበት። ምርመራው ደም መስጠትና በጣት መፈተሽ ነው። እኔ ውጭ ጠበቅሁ። ወዲያው ወጣ።

«አለቀ?»

«ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ አለቀ» አለኝ። ያን ሁሉ ወር የሸሸው ለዚህ ነበር።

ምርመራው ስላጠራጠረ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ውጤቱን ስንጠብቅ የነበሩትን ሳምንታት በደንብ አላስታውሳቸውም። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉ ዘግይቶ ይደርሰኛል። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይገፋል። አንድ ቀን «ብሞት አትቆጪኝም» አለኝ። «ብትሞት ነው የምቆጣህ» አልኩት።

ካንሰር ነበር። ግን ከዕጢው አልወጣም፤ ሊታከም ይችላል ተባለ። አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙ «ከዘመድ በዚህ የታመመ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ተያየን።

«ወንድሜ ይመስለኛል» አለ ባለቤቴ። ብርድ የሚለውን ቃል አልጨመረበትም።

ወንድሙን የመረመረው የለም፤ እርግጡን አላህ ያውቃል። ሐኪሙ ግን አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ከሌላው ቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ነገረን። ወንዶች ልጆቼን በዚያው ቀን ደውዬ ነገርኳቸው፤ ሲያፍሩ በስልክ ይሰማኛል። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለእኛ ለሴቶች ስለ ጡትና ስለ ማህፀን ቤታችን ድረስ መጥተው ይነግሩናል። ጥሩ ነው፤ አይቅር። ለወንዶቹ ግን ማን ነገራቸው? እፍረታቸውን ክብር ብለን አቅፈን ያሳደግነውም እኛው ነን።

ሕክምናው ረጅም ነበር፤ አዲስ አበባ አመላለሰን። ከስቶ ግን ቆሞ ተመለሰ። ከዚያ ጠያቂ ጎረፈ። ወንዶቹ ይቀመጣሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሽላ ያወራሉ፤ እኔ ብድግ ስል ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አንዱ አብሮ አደጉ መጥቶ ስኒ እስኪቀዘቅዝ ሲያዞር ቆየና፣

«ለአንድ ጎረቤቴ ልጠይቅህ ነበር» አለ። «ሽንቱ እየተቆራረጠ አስቸገረው።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«እኔን ያህላል።»

«ቁመቱስ?»

ሰውዬው አጎነበሰ። ከዚያ ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አብሽር» አለው ባለቤቴ። «ነገ ጠዋት ጎረቤትህን ይዘህልኝ ና፤ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ።»

በማግስቱ ሰውዬው ብቻውን መጣ፤ ታጥቦ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ። ባለቤቴ ከዘራውን አነሳ። እኔም ሻሽ አስሬ ልከተላቸው ስል በሩ ላይ ዞረና፣

«አንቺ ቅሪ» አለኝ። «ይሄ የወንዶች ነው።»

በዕድሜዬ ይህን ቃል ሳልከራከር የተቀበልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።