በክት እንዳይሆን

አደን ያልለመደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጥይቱ ነው። «የትኛው ይገድላል?» ይላል። እኛ ዘንድ ግን ጥያቄው የትኛው ሳይገድል ይጥላል ነበር። አጋዘንም ይሁን ድኩላ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ ካላረድከው በክት ነው። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ይባርካል፤ ሳይባረክ የሞተውን ግን ማንም አይበላው፤ ለጅብ ነው።

ስለዚህ ለአጋዘን ምንሽር አይመረጥም። ምንሽር የአባቴ አሮጌ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ረጅም ነው፣ ከባድ ነው፤ ትከሻውን ካገኘው አጥንቱን ፈጭቶ ልቡን ይዞት ይወጣል። አውሬው ባለበት ይወድቃል፤ አንተ ገደሉን ወርደህ እስክትደርስ ዓይኑ ላይ ዝንብ አርፏል። የክላሽ ጥይት ግን አጭር ናት፤ በስታ ታልፋለች። ከኋላ፣ ከዳሌው ላይ ካሳረፍካት እግሩን ትይዘዋለች እንጂ ነፍሱን ቶሎ አታወጣውም። ይጎተታል። ሲጎተት ደሙን ተከትለህ ትደርስበታለህ። ለጀማሪ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነበር፤ ክላሽ ያዝ፣ ዳሌውን በል። ስመክር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። አገሩ ሁሉ ገር ሰው ነው ይለኛል።

ለልጄ ባልም የመከርኩት ይህንኑ ነው።

የልጄ ባል የደባርቅ ሰው ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። መሬት የለው፣ በሬ የለው። ልጄ ከእናቱ ጋር አልስማማ ብላ፣ ተቀይማ ወደ እኔ መጣችና ሦስት ወር ተቀመጠች። እሱም ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ ልጄ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማ ትሰማለች። ከመጋረጃው በታች እግሯ ይታየኛል፤ የመንገድ ጫማዋን አጥልቃለች። ለመሄድ ቆርጣለች ማለት ነው። እርቁ አልቆ ሊመርቁ ሲሉ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ልጁን አልወደውም ነበር። ምን አደረገህ ብትሉኝ፣ ምንም። እጁ ቀጭን ነው፤ ሲናገር መሬት መሬት ያያል።

«ገና ደርሷል» አልኩ። «ልጄን የሚወስድ ሰው በገዛ እጁ አጋዘን ጥሎ፣ በገዛ እጁ ባርኮ፣ ለበዓሉ ሥጋውን ያምጣልኝ። ያን ቀን ይውሰዳት። ካልሆነለት እዚሁ ትቀራለች።»

ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«እሺ፣ አባቴ» አለ።

በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጄንም ማታ እራት ስታቀርብልኝ፣ ያለ ምርቃቴ ብትሄድ እንደምረግማት ነገርኳት። የአባት እርግማን ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አንገቷን ደፋች።

በሳምንቱ ሦስት ሆነን ከሊማሊሞ በታች ወደ ቆላው ወረድን። ሦስተኛው ጎረቤቴ ነው፤ የበየዳ ተወላጅ፣ ከእኔ ጋር በአደን ያረጀ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። አደን ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ክልክል ነበር፤ አልደብቅም። የያዝነው ሁለት ጠመንጃ ነው፤ የእኔ ምንሽርና የጎረቤቴ ክላሽ።

ልጁ ከሁለቱም አንድ አንድ ጥይት በመዳፉ ይዞ አገላበጣቸው።

«አባቴ፣ ቶሎ የሚገላግለው የትኛው ነው?»

ጎረቤቴ ቀደመኝ። «ማንን ነው የሚገላግለው? አንተን?»

«አውሬውን።»

«እዩት እንግዲህ፤ ገና ሳያገኘው አዘነለት። አንተ ባጃጁ፣ ይሄ እኮ ተሳፋሪ አይደለም። ወራጅ አለ ብሎ አያስቆምህም።»

«የሚገላግለውስ ምንሽሩ ነው» አልኩት ቀስ ብዬ። «ግን በክት ታደርገዋለህ። በክት ይዘህ ከመጣህ ደግሞ ቃልህን አልፈጸምክም። ሚስትህን ከፈለግህ ክላሹን ያዝ።»

የምንሽሩን ጥይት መለሰልኝ። እጁ አልቦት ኖሮ ጥይቷ ረጥባለች።

ረፋድ ላይ አንድ ቀንዳም አጋዘን ግራር ሥር ቆሞ አገኘን። ልጁ ተንበርክኮ ብዙ አነጣጠረ፤ ተኮሰ። እንዳልኩትም ዳሌውን መታው። የኋላ እግሮቹ ሁለቱም ከዱት። በፊት እግሩ እየተነሳ፣ እንደ ውሻ ቁጢጥ እያለ፣ ኋላውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወደ ገደሉ ወረደ። ጩኸቱ እንደ ደረቅ ሳል ነው፤ ከሆዱ ውስጥ የሚወጣ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልድገመው?»

«በጥይት አይደለም። ካራ ይዘሃል፤ ተከተለው።»

ጉልበቴ ገደል አይችልልኝም፤ አፋፉ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴም አጠገቤ ተቀመጠ። ቋጥኙን ተደግፈን ቆሎ በላን። ሳሉ ከታች ይሰማል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ራቅ ብሎ ይሰማል። ጎረቤቴ በየመሀሉ «አሁንም አልደረሰበትም» ይላል። ፀሐይ ከአናታችን ዘቅዘቅ አለች። ጥንብ አንሳዎቹ ከሸለቆው በላይ መዞር ሲጀምሩ፣ «እነዚህማ ከባጃጁ ቀድመው ይደርሱለታል» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ አንድ ተኩስ ተሰማ። ሳሉ ቆመ።

ተያየን።

ልጁ አንዱን ታፋ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ፤ የቀረውን ዛፍ ላይ ሰቅሎታል። ጭንቅላቱን እዚያው ትቶታል፤ ያን ቀንድ ማን ተሸክሞ ይወጣል። እንግዲህ ጥይቱ የት እንዳረፈ የሚመሰክር ነገር የለም። እጀታው እስከ ክንዱ ደም ነው።

ጎረቤቴ አፉ ክፉ ቢሆንም ልቡ ያን ቀን ከእኔ ተሻለ። ልጁ ገና ሳያርፍ ቀደመው።

«ጅብ ነው አይደል የተኮስክበት? ደም አሽትቶ መጣብህ፣ አባረርከው።»

ልጁ ታፋውን በትከሻው አመቻቸ።

«ጅብ ነው በላ። እኔ ራሴ ድምፁን ሰምቻለሁ» አለና ዓይኑን ጠቀሰው።

«አይ፤ ጅብ አልነበረም» አለ ልጁ። «ስደርስ ሆዱን ድንጋይ ቀዶት የገዛ አንጀቱን ይረግጣል። አንዱን ዓይኑን አሞራ ወስዶታል። በቀረችው አየኝ። ካራዬን ይዤ ስጠጋ ሊሸሽ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ እንደዚያ አደረገ። ጆሮው ሥር ተኮስኩ። በስመ አብ ብዬ ቆረጥኩት፤ ግን ከሞተ በኋላ ነው።»

«በክት ነዋ» አልኩ።

«በክት ነው፣ አባቴ።»

ጎረቤቴ መሬቱን በዱላው መታው። «አንተ ሰው፣ ማን ጠየቀህ? እዚህ ያለነው ሦስት ነን።»

«ለበዓል ሊበሉት ነው እኮ። እያወቅሁ እንዴት አበላቸዋለሁ?»

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረ። የሚቀልድበት ፊቱ አልነበረም። «በል እንጂ፤ አንድ ነገር በለው።»

«ቃል ቃል ነው» አልኩ። ድምፄ ለስላሳ ነበር። «ሥጋውን ጣለው፣ ልጄ። ሚስቴ ብለህም እንዳትጠብቃት።»

ታፋውን አልጣለውም፤ ከትከሻው አውርዶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ክላሹን ለጎረቤቴ መለሰ። ካራውን በሣር ጠርጎ ለእኔ ሰጠኝ፤ የእኔ ካራ ነበር። እጅ ነሳኝና ወደ አስፋልቱ ወጣ።

ገናን በዶሮ ፈሰክን። ወሬው ደባርቅ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የባጃጅ ሹፌሮቹ «በክቱ» የሚል ስም አወጡለት፤ «በክቱ፣ ተራህ ነው፣ ጫን» ይሉታል አሉ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከብኝ፤ ሁለት ጊዜ አብልቼ፣ አጠጥቼ፣ በሰላም መለስኳቸው። በሦስተኛው ዓመት ሌላ አገባ።

ማግባቱን ጎረቤቴ መጥቶ ሲነግረኝ ልጄ ደጅ ላይ ጎመን ትከትፍ ነበር። ሰምታለች። ጎረቤቴ ሲሄድ ተነሥታ ፊቴ ቆመች፤ ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«አባባ፣ ጅብ ነው ብሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉት ነበር?»

«እሺ እለው ነበር።»

«ሥጋውንስ ይበሉት ነበር?»

ያን ተኩስ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ሳሉም ሲቆም ሰምቻለሁ።

«እበላው ነበር» አልኳት።

«እኔስ፣ እሄድ ነበር?»

«ትሄጂ ነበር፣ ልጄ።»

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች። ቢላዋው መክተፊያው ላይ ሲያርፍ እስኪመሽ ድረስ ሰማሁት፤ ጎመኑ ግን አንድ እቅፍ እንኳ አይሞላም ነበር።