ሳይቀመስ የቀረበው ብርሌ

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ የድራማ ክበቡን ተረከብኩና ኦፔራ እንሥራ አልኩ። ኦፔራ ማለት፣ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሚባልበት ድራማ ነው።

«ቲቸር፣ ጨው አቀብዪኝ ማለት ቢፈልግስ?»

«እሱንም ይዘፍነዋል።»

«በቃ፣ ምሳው ይበርድበታላ!»

ታሪኩን ያገኘሁት ከአንድ አሮጌ የታሪክ መጽሐፍ ነው። የአንድ ባላባት ሚስት ባሏን ጠጅ ውስጥ መርዝ ጨምራ ገደለች ይልና ያልፋል። ለምን እንደገደለችው፣ ኋላም ምን እንደደረሰባት አይናገርም። እኔም ደስ አለኝ፤ ያልተነገረውን እኛ እንዘፍነዋለን። ግጥሙን ጻፍኩ። ዜማውን ልጆቹ በክራርና በኪቦርድ ሠሩት፤ ምቱን በስልክ አቀናበሩ። ሚስቲቱን የምትዘፍነው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስትለማመድ በመስኮቱ ሥር የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይቆማል።

ትርኢቱ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ ሳለን እናቷ መጡ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጠላ ይሸጣሉ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጄ ከዚህ ነገር ትውጣ።»

«ምነው እትዬ? ድምፅዋ እኮ...»

«ድምፅዋን እኔም አውቀዋለሁ። ሰፈሩ መርዘኛዋ እያለ ይጠራት ጀምሯል። እንጀራዬ ጠላ ነው። የመርዘኛዋን እናት ጠላ ማን ይጠጣል? አንተ ትጠጣለህ?»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዳቸው ንዴታቸውን ነገረኝ። እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ተዋናይ ሌላ፣ ገጸ ባሕርይ ሌላ፣ ምናምን። ልጅቷ ጥግ ቆማ ጫማዋን ታያለች። እናቷ ማብራሪያዬን አላስጨረሱኝም።

«እስቲ እንዴት እንደምትገድለው አሳዩኝ።»

ልጅቷ ብርሌውን ይዛ ገባች፤ ጎንበስ ብላ ለባላባቱ ሰጠችው። ጠጣ፤ ወደቀ። እናቷ በሳቅ ፈነዱ።

«ሳትቀምስለት? የማን ቂል ነው ሳይቀመስለት የሚጠጣ? ያውም ባላባት!»

ብርሌውን ከልጃቸው ተቀበሉ። ለልምምድ ከሞላነው ውሃ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ፉት አሉና ብርሌውን በሁለት እጃቸው ለእኔ አቀረቡ።

«እንዲህ ነው። ለማንም ስቀዳ ቀድሜ እኔ እቀምሳለሁ። የሚያምኑኝ ለዚህ ነው።»

ያን ሁሉ ገጽ ስጽፍ ይህ አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝም። «እንዲህ ከሆነ፣ መርዙን እሷም ጠጥታለች ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! መምህሩ አንተ።» ትንሽ አሰቡ። «ግን እያወቀች ከቀመሰች፣ ምን ያህል ቢመራት ነው?»

ያን ቀን ባይመጡ ኖሮ ባዶ ነገር መድረክ ላይ አወጣ ነበር። «ሴትዮዋ ትቅመስ፤ መጥቼ አያለሁ» አሉኝ ሲወጡ፤ «ካልወደድኩት ልጄን ከመድረኩ ይዤ እወርዳለሁ።» የመጨረሻውን ክፍል እንደገና ጻፍኩ። ጠጁ መዳፏ ላይ ከፈሰሰ በኋላ፣ ከንፈሯ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለችውን አፍታ የኦፔራው ረጅሙ ዘፈን አደረግናት።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እናቷ ከደንበኞቻቸው ጋር ፊት ተቀመጡ። ልጅቷ ብርሌውን ወደ መዳፏ ስታዘነብል አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ከኋላ፣ «ኧረ ተዪ ልጄ፣ አትቅመሺው!» ብለው ጮኹ። ሰው ሳቀ፤ ዘፈኑ ሲጀምር ግን ጸጥ አለ። እኔ የማየው እናቷን ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ከወንበራቸው አልተነሡም።

በማግስቱ ጠላ ቤታቸው ሄድኩ። ከሰው ብዛት መቀመጫ የለም።

«ለመምህሩ ተጠጉለት!» አለ አንዱ። «መርዙን የጠመቀው እሱ ነው።»

እናቷ ቀድተው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ።

«ደህና አድርገሽ ቅመሺ» አላቸው ያው ሰውዬ፤ «ልጅሽን አይተናታል!»

ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ። ጣሳዬን ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ሰውዬውም ይደገመኝ ብሎ የራሱን ዘረጋ።